«የመጣልህን ቁጥር ላክልኝ»፦ ስማችን በስልክ ላይ እንዴት ይሰረቃል? እንዴትስ እንጠብቀው?

አንድ የምታውቁት ወንድም በቴሌግራም ሰላምታ ያቀርብላችኋል። ፎቶው የራሱ ነው፣ ስሙም የራሱ ነው፣ ከዓመት በፊት የተጻጻፋችሁትም ከላይ ተደርድሯል። «አሰላሙ ዓለይኩም፤ ቸግሮኝ ነው፤ እስከ ነገ 5,000 ብር ብትልክልኝ» ይላል። የላከው የሂሳብ ቁጥር ግን በሌላ ሰው ስም ነው፤ «የእኔ ሂሳብ ለጊዜው ስለተዘጋ ነው» የሚል ማብራሪያ አያይዞበታል። ብዙ ሰው ሳያመነታ ይልካል፤ ምክንያቱም የሚልከው ለማያውቀው ሰው ሳይሆን ለወንድሙ ነው። ያ ወንድም ግን በዚያ ሰዓት በስሙ ምን እየተደረገ እንደሆነ አያውቅም።

ይህ የማንነት ስርቆት ነው። ሌባው የአንድን ሰው ስም፣ ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር፣ የመታወቂያ መረጃ ወይም አካውንት ይወስድና ራሱን እንደዚያ ሰው አድርጎ ያቀርባል። ገንዘብ ይለምናል፣ ይበደራል፣ ሲም ያወጣል፣ አንዳንዴም ባለቤቱ ያላለውን በስሙ ይናገራል።

በእኛ ማኅበረሰብ ጉዳዩ ከባድ የሚሆንበት የራሱ ምክንያት አለው። ብዙ ነገራችን የሚሄደው በስምና በመተማመን ነው። እቁቡ፣ ለታመመ የሚሰበሰበው መዋጮ፣ የረመዳን ዘካና ሶደቃ፣ ከሳዑዲ ወይም ከዱባይ ለቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ ሁሉ «እገሌ ካለማ እውነት ነው» በሚል ይንቀሳቀሳል። የእናንተ ስም ሲሰረቅ የሚጎዱት እናንተ ብቻ ሳትሆኑ እናንተን ያመኑ ሁሉ ናቸው። ስለዚህ ስልካችንን መጠበቅ የቴክኖሎጂ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአማና ጉዳይም ነው።

ሌባው በር አይሰብርም

ብዙ ሰው «ሀክ ተደረግኩ» ሲል የሚያስበው ረቀቅ ያለ የኮምፒውተር ባለሙያ ከሩቅ ሆኖ ስልኩን እንደከፈተበት ነው። በብዙዎች ላይ የሚደርሰው ግን ከዚህ በጣም ቀላል ነው። ሌባው ቁልፉን ይጠይቃል፤ እኛም እንሰጠዋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴሌግራምም ሆነ ዋትስአፕ በአዲስ ስልክ ላይ ሲከፈት ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። የእናንተን ስልክ ቁጥር ደግሞ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሌባው ቁጥራችሁን በራሱ ስልክ ላይ ያስገባል። ያኔ ድርጅቱ «በእርግጥ አንተ ነህ?» ብሎ ለማረጋገጥ የማረጋገጫ ኮድ ይልካል። የቴሌግራሙ ኮድ ባለ 5 አሃዝ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ይመጣል፤ የዋትስአፑ ባለ 6 አሃዝ ሲሆን በአጭር መልእክት ወይም በድምፅ ጥሪ ይመጣል። ያ ኮድ እናንተ ጋ ነው። ሌባው የቀረው ነገር እርሱን ከእናንተ መቀበል ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ታሪክ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢለያይ፣ ዓላማው አንድ ነው፦ ያንን ኮድ ከአፋችሁ ማውጣት።

ኮዱ የሚጠየቅባቸው መልኮች

የመጀመሪያው የውድድር ድምፅ ነው። «ልጄ ውድድር ላይ ነች፣ በዚህ ሊንክ ገብታችሁ ድምፅ ስጧት» የሚል መልእክት ከምታውቁት ሰው ይመጣል። ውድድሩ የትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ሲላክ የቁርኣን ውድድር ሊባልም ይችላል። ሊንኩን ስትከፍቱ ስልክ ቁጥራችሁን፣ ቀጥሎም «ድምፅዎን ለማረጋገጥ» በሚል የመጣላችሁን ኮድ ይጠይቃችኋል። ኮዱን ስታስገቡ ግን ድምፅ አልሰጣችሁም፤ ቴሌግራማችሁን ሰጣችሁ። መልእክቱ የመጣው ከወዳጅ የሆነውም ወዳጃችሁ ከእናንተ በፊት ስለተወሰደበት ነው።

ሁለተኛው ስህተት የመሰለ ጥያቄ ነው። «እህቴ፣ በስህተት የእኔ ኮድ ወደ አንቺ ስልክ ተልኳል፣ ላኪልኝ እባክሽ» ይላል። የሌላ ሰው ኮድ በስህተት ወደ እናንተ አይመጣም። በስልካችሁ የመጣ ኮድ የእናንተን በር የሚከፍት ነው።

ሦስተኛው የድርጅት ሠራተኛ መምሰል ነው። ደዋዩ «ከባንክ ነው»፣ «ከቴሌ ነው»፣ «ሽልማት ደርሶዎታል»፣ «ሂሳብዎ ሊታገድ ነው» ይላል፤ ያጣድፋችኋልም። እውነተኛ የባንክ ወይም የቴሌኮም ሠራተኛ የሚስጥር ቁጥራችሁን ወይም የመጣላችሁን ኮድ በስልክ አይጠይቅም። ያንን የጠየቀ ሰው ስሙን፣ የመሥሪያ ቤቱን ሎጎና የእናንተን ሙሉ ስም ቢያውቅም ሌባ ነው።

አራተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ደዋዩ «ኔትወርክዎን እናስተካክልልዎ» ብሎ በኮከብ ምልክትና በ21 የሚጀምር፣ በውስጡም የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር ያለበት ኮድ እንድትደውሉ ያዛችኋል። ይህ ወደ እናንተ የሚመጣውን ጥሪ ሁሉ ወደዚያ ቁጥር የሚያዞር ትእዛዝ ነው። ከዚያ ሌባው ዋትስአፕ ኮዱን በድምፅ ጥሪ እንዲነግረው ይጠይቃል፤ ጥሪውም በእናንተ ስልክ ፋንታ በእርሱ ስልክ ይጮኻል። በብዙ ኔትወርኮች *#21# ብሎ በመደወል ጥሪ ዞሮ እንደሆነ ማየት፣ ##21# ብሎ በመደወል ደግሞ ማጥፋት ይቻላል።

አምስተኛው በቴሌግራም የሚላክ አፕ ነው። «የስጦታ አፕ»፣ «የምዝገባ አፕ» ተብሎ የተላከን ፋይል ስልካችሁ ላይ መጫን አጭር መልእክታችሁን ሁሉ የሚያነብ እንግዳ ቤት እንደማስገባት ነው። አፕ ከስልኩ ሕጋዊ መደብር፣ ማለትም ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ ይውረድ።

ስልክ ቁጥር የበሩ ሁሉ መግቢያ ነው

ዛሬ አንድ ስልክ ቁጥር ብዙ በር ይከፍታል። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክ፣ ኢሜይል፣ ቴሌብር፣ ኤምፔሳ፣ የባንክ አፕ፣ የፋይዳ መታወቂያ ሁሉ ከእርሱ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩ በእርግጥ የእናንተ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም የምትጠቀሙ ከሆነ ቁጥሩ በሕግ የዚያ ሰው ነው። ያ ሰው፣ ወይም የእርሱን መታወቂያ የያዘ ሌላ ሰው፣ «ሲሜ ጠፋብኝ» ብሎ ምትክ ቢያወጣ የእናንተ ስልክ ኔትወርክ ያጣል፤ ኮዱ ሁሉ ወደ አዲሱ ሲም ይሄዳል። በባሕረ ሰላጤው አገራት ያላችሁ ወገኖች ዘንድ ይህ የተለመደ ችግር ነው። በአሠሪ ወይም በሌላ ሰው ኢቃማ የወጣ ሲም ላይ ዓመታት የተከማቸ ዋትስአፕና የባንክ መረጃ ይኖራል። በተቻለ መጠን ሲሙ በራሳችሁ ስም ይሁን። የራሳችሁንም ኢቃማ ወይም መታወቂያ ለሌላ ሰው ሲም ማውጫ አታበድሩ፤ በዚያ ሲም ወንጀል ቢሠራ መጀመሪያ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

ከስደት ስትመለሱ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። የተዉት ቁጥር ሳይሞላ ከቆየ ይዘጋና ከጊዜ በኋላ ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል። አዲሱ ባለቤት ዋትስአፕ ሲከፍት በእናንተ ቁጥር የሚመጣው ኮድ ለእርሱ ይደርሳል። ስለዚህ አገር ከመልቀቃችሁ በፊት፣ አሮጌው ሲም ገና እየሠራ ሳለ፣ በዋትስአፕና በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ቼንጅ ነምበር» የሚለውን ተጠቅማችሁ አካውንቱን ወደ አዲሱ ቁጥር አዙሩ። በፌስቡክና በኢሜይል ላይ ያለውንም ቁጥር ቀይሩ።

በሳዑዲ ያላችሁ ደግሞ ለአብሸርና ለናፋዝ ልዩ ጥንቃቄ አድርጉ። ናፋዝ በስልካችሁ ላይ «ይህን ቁጥር ምረጥ» ብሎ የሚጠይቀው አንድ ሰው በእናንተ ኢቃማ የሆነ አገልግሎት ለመክፈት ሲሞክር ነው። እናንተ ራሳችሁ ካልጀመራችሁት፣ የደወለው ሰው የቱንም ቁጥር ምረጡ ቢላችሁ አትምረጡ።

የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ

«የሐጅ ምዝገባ ልጨርስልህ፣ ፓስፖርትህን ላክ»፤ «የካናዳ ቪዛ አለ፣ ፓስፖርትና የመታወቂያ ፎቶ በኢንቦክስ»። በእነዚህ ማስታወቂያዎች ስንት ሰው ሰነዱን ለማያውቀው ሰው ይልካል! ገንዘብ ስላልጠየቁ ብቻ «ምን ይጎዳኛል?» ማለት አይገባም። ሰነዱ ራሱ ዕቃ ነው። በስማችሁ ሌላ ሰው ለማታለል፣ «እዩት፣ እውነተኛ ሰው ነኝ» ብሎ ለማሳየት ያገለግላል።

የሐጅ ምዝገባ በአገራችን የሚካሄደው በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በኩል ነው፤ ለሥራ ወደ ውጭ መሄድ ደግሞ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ባላቸው ኤጀንሲዎች በኩል ነው። ሰነድ ከመስጠታችሁ በፊት ቢሯቸው ሄዳችሁ ወይም በራሳችሁ ባገኛችሁት ስልክ ደውላችሁ አጣሩ። በማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ይዛችሁ ብታጣሩ ሌባውን ስለ ሌባው መጠየቅ ይሆናል።

የግድ ኮፒ መስጠት ካለባችሁ በኮፒው ላይ «ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተሰጠ» ብላችሁ የተቀባዩን ስምና ቀኑን ጻፉበት። ጽሑፉ ፎቶውን በከፊል ቢያቋርጥ ይሻላል፤ በሌላ ቦታ ለመጠቀም ያስቸግራል። የፋይዳ ቁጥራችሁንም በግሩፕ ላይ አትለጥፉ። ቁጥሩ ብቻውን ሁልጊዜ በር አይከፍትም፤ በርቀት ማንነት ሲረጋገጥ በተመዘገበው ስልክ ላይ ኮድ ይላካል። ነገር ግን ቁጥሩን አስቀድሞ የያዘ ሌባ የሚቀረው ያንን ኮድ መጠየቅ ብቻ ነው። አሁንም ወደዚያው ኮድ ተመለስን።

ዛሬውኑ የሚሠሩ አምስት ነገሮች

ከዚህ በታች ያሉት ሁሉ ተደምረው ግማሽ ሰዓት አይፈጁም፤ ገንዘብም አይጠይቁም።

1. ቴሌግራም ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አስቀምጡ። ሴቲንግ፣ ከዚያ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ ከዚያ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን»። ይህ ከተደረገ ሌባው ኮዱን ቢያገኝ እንኳ የይለፍ ቃሉን ሳያውቅ አይገባም። የማስታወሻ ኢሜይልም አብራችሁ አስገቡ።

2. ዋትስአፕ ላይም እንዲሁ፦ ሴቲንግ፣ «አካውንት»፣ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን»። ባለ 6 አሃዝ ፒን ይጠይቃችኋል። የትውልድ ዓመት ወይም 123456 አታድርጉት።

3. ማን ገብቶ እንዳለ እዩ። ቴሌግራም ላይ «ዲቫይስስ»፣ ዋትስአፕ ላይ «ሊንክድ ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱ። የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ አስወጡት። ስልክ ጥገና ቤት ወይም ኢንተርኔት ቤት ከፍታችሁ የረሳችሁትም እዚያ ይታያል።

4. ኢሜይላችሁን አጥብቁ። የሌሎች አካውንቶች የይለፍ ቃል የሚታደሰው በኢሜይል ስለሆነ፣ ኢሜይሉን የያዘ ሁሉንም ይይዛል። ለኢሜይሉ የትም ያልተጠቀማችሁበት ረጅም የይለፍ ቃል ስጡት፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም አብሩ።

5. የቴሌብርና የባንክ ሚስጥር ቁጥራችሁ ከስልኩ መክፈቻ የተለየ ይሁን። ገንዘብ ለሚያወጣላችሁ ወኪል ወይም ስልክ ለሚጠግንላችሁ ሰው ሚስጥር ቁጥር አትንገሩ፤ ራሳችሁ አስገቡ።

የመስጂድ፣ የመድረሳ ወይም የበጎ አድራጎት ግሩፕና ቻናል የምታስተዳድሩ ወገኖች ደግሞ ኃላፊነታችሁ ይበልጣል። የአንድ አስተዳዳሪ አካውንት ከተወሰደ ሌባው በሺዎች ፊት በመስጂዱ ስም ይናገራል። አስተዳዳሪዎች ሁሉ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ይኑራቸው። የገንዘብ ማሰባሰቢያ ሂሳብ ቁጥር በአንድ ቦታ ተሰክቶ ይቀመጥ፤ «ሂሳቡ ተቀይሯል» የሚል ማስታወቂያ ቢያንስ በሁለት ኃላፊዎች ቃል ካልተረጋገጠ ተቀባይነት እንዳይኖረው አስቀድማችሁ ለአባላቱ ንገሩ።

ገንዘብ ስትጠየቁ

መስጠት መልካም ነው፤ ማጣራትም የተባለልን ነው። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ የታዘዝነው ሳናውቅ ሰው እንዳንጎዳና በኋላ እንዳንጸጸት ነው። በተሰረቀ ስም ለመጣ ጥያቄ ገንዘብ መላክ ሌባውን ማበርታት፣ ለቀጣዩ ሰውም መንገድ መክፈት ነው።

ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ደውሉ። በዚያው በቴሌግራም ሳይሆን በመደበኛው ስልክ ደውላችሁ ድምፁን ስሙ። «አሁን ማውራት አልችልም» ካለ ቆዩ። የድምፅ መልእክት ቢልክም አይበቃም፤ አካውንቱን የያዘ ሰው የባለቤቱን አሮጌ የድምፅ መልእክት መልሶ ሊልክ ይችላል፤ ዛሬ ደግሞ የሰውን ድምፅ አስመስሎ የሚሠራ ቴክኖሎጂ አለ። ከቤተሰብ ጋር፣ በተለይ ውጭ አገር ካሉ ልጆችና ወላጆች ጋር፣ በኢንተርኔት ላይ የማይገኝ አንድ ጥያቄ ተስማሙ፤ የአያት ቤት ከብት ስምም ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ሲጠየቅ ያ ጥያቄ ይቅደም። እውነተኛው ወንድም በጥያቄው አይቀየምም፤ የተቻኮለና የተቆጣ ካለ ግን እርሱ ምልክት ነው።

ከተሰረቀ በኋላ

ሰዓት ወሳኝ ነው። ቴሌግራም ላይ አዲስ የገባ ስልክ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የቀድሞውን ስልክ ማስወጣት አይችልም። ስለዚህ የማታውቁት ሰው መግባቱን የሚገልጽ መልእክት ካያችሁ ወዲያውኑ ከራሳችሁ ስልክ «ዲቫይስስ» ውስጥ ገብታችሁ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» የሚለውን ተጫኑ፤ ቀጥላችሁ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አስቀምጡ። ዛሬ ነገ ካላችሁ ዕድሉ ወደ ሌባው ይዞራል።

ዋትስአፕ ከሆነ በራሳችሁ ቁጥር እንደገና ክፈቱት። በአጭር መልእክት የሚመጣውን ኮድ ስታስገቡ ሌባው ይወጣል። ሌባው የራሱን ፒን ካስቀመጠበት ያለ ፒኑ ለመግባት 7 ቀን ትጠብቃላችሁ፤ ቢሆንም እርሱም አይጠቀምበትም።

ስልካችሁ ያለ ምክንያት ኔትወርክ ካጣና ሌላው ሰው እየሠራለት ከሆነ ሲማችሁ ተተክቶ ሊሆን ስለሚችል በሌላ ስልክ ወደ ቴሌኮሙ ደውሉ ወይም ቅርብ ወዳለው ማዕከል ሂዱ። ባንካችሁም ሂሳቡን ለጊዜው እንዲያግድ ንገሩ።

ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ለሰው ማሳወቅ ነው። በፌስቡክ፣ በግሩፕ፣ በስልክ፣ በቤተሰብ በኩል «አካውንቴ ተወስዷል፣ በስሜ ገንዘብ ቢጠየቅ አትላኩ» በሉ። አንድ ሰዓት ማፈር ሌላ ወንድም ገንዘቡን እንዲያጣ ያደርጋል። የምንሰማም «እንዴት ተሸወድክ?» ብለን አንሳቅ። ሳቁ ነው ቀጣዩን ተጎጂ ዝም የሚያሰኘው።

የደረሳችሁን መልእክት፣ የተላከበትን የሂሳብ ቁጥርና የባለሂሳቡን ስም ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ ለፖሊስ አመልክቱ። በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 11 የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆትን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል፤ ቅጣቱም እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይደርሳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃችሁን የሚሰበስቡ ድርጅቶች እንዲጠብቁት ያስገድዳል። ማመልከቻው ገንዘቡን ባያስመልስ እንኳ በስማችሁ ለተሠራው ነገር እናንተ እንዳልሠራችሁት ማስረጃ ይሆናችኋል።

ለእናትና ለአባት

ይህን ጽሑፍ ያነበበ ወጣት አንድ ሥራ ይቀረዋል። እናቱ፣ አባቱ፣ አክስቱ ስማርት ስልክ ይዘዋል፤ ሴቲንግ ግን ገብተው አያውቁም። ዛሬ ማታ አጠገባቸው ይቀመጥና ቴሌግራማቸውንና ዋትስአፓቸውን ይዝጋላቸው፤ የይለፍ ቃሉንም በወረቀት ጽፎ ቤት ውስጥ በሚታመን ቦታ ያስቀምጥ። ሌላው ሁሉ ቢከብዳቸው አንድ ነገር ብቻ ይያዙ፦ በስልክ የመጣን ቁጥር ለማንም፣ ለልጅም ቢሆን፣ በመልእክት አይልኩም።

አላህ ስማችንንም አማናችንንም ይጠብቅልን።